ሁለቱ ቅጠሎች

ስሜ ትዕግሥት ነው። ስሙን ያወጡልኝ አያቴ ናቸው፤ ምን አይተው እንዳወጡልኝ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። እኔ ቁጭ ማለት የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ምድጃውን አጥፍቼ ከቤት ከወጣሁ በኋላ ሊፍቱ ጋ ስደርስ ተመልሼ አየዋለሁ። ስልክ ሳወራ ክፍሉን እዞራለሁ። ባለቤቴ ዮሴፍ "አንቺን ካገባሁ ወዲህ ሶፋው ላይ ለሁለት የተቀመጥንበት ቀን ትዝ አይለኝም" እያለ ያሾፍብኛል። ይህን ያነሳሁት ለወግ ያህል አይደለም። ያን ቅዳሜ እንደ ሰው አርፌ ብቀመጥ ኖሮ፣ አሁን የምነግራችሁ ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር።

የምንኖረው ባሕር ማዶ፣ ስካርቦሮ ነው። እኔ ኖርዝ ዮርክ በሚገኝ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ዮሴፍ ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ ይጭናል፣ ያወርዳል፤ ከደመወዙ ሌላ ያተረፈው የወገብ ሕመም ነው። እናቱ እማማ ብርቄ በስፖንሰር መጥተው አብረውን ይኖራሉ። በዚያ ሰሞን ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ሆነው ገና እያገገሙ ነበርና ሐኪማቸው ጠንከር ያለ ማስታገሻ አዞላቸው ነበር። ክኒኑን በሰዓቱ የምሰጣቸው እኔ ነኝ። እሳቸው ግን ክኒን አይወዱም። "ይሄ ነጭ ጠጠር አንጀቴን በላው" ይሉኛል ሁልጊዜ፣ ከመዋጣቸው በፊትም በኋላም።

ይህን ሁሉ ምሬት ስሰማ ክሊኒክ ውስጥ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ስለ ሲቢዲ ነገረችኝ። ሲቢዲ ሄምፕ ከሚባለው፣ የካናቢስ ዘር ከሆነው ተክል የሚወጣ፣ የማያሰክር ነገር ነው። እናቷ ለመገጣጠሚያ ሕመማቸው ዘይቱን ጠብታ ጠብታ እንደሚወስዱ አጫወተችኝ። እኔም ፈቃድ ካለው ሱቅ ሄጄ አንድ ትንሽ ጠርሙስ ገዛሁ። ሐኪማቸውን ጠይቀን እንጀምራለን ብዬ አሰብኩና ከእራት በኋላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

እማማ ጠርሙሱን አገላብጠው አዩት። "ከምን የተሠራ ነው?" አሉኝ።

"ከሄምፕ ነው እማማ። የካናቢስ ዘመድ ነው፤ ግን አያሰክርም።"

"ካናቢስ ማለት?"

እዚህ ላይ ሌላ ቃል ብፈልግ ጥሩ ነበር። አማርኛችን ግን ለዚህ ነገር ያዘጋጀው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ዮሴፍ ቀደመኝና "ሀሺሽ ነው እማዬ" አላቸው።

እማማ ጠርሙሱን እንደ ጋለ ነገር ለቀቁት። "አገር ቤት ደውዬ ምን ልበል? ምራቴ በስተርጅና ሀሺሽ አጠጣችኝ ልበል?"

"እማማ፣ ሕጋዊ ነው እኮ። የተመረመረ ነው፣ በሱቅ የሚሸጥ ነው።"

"አረቄም በሱቅ ይሸጣል" አሉኝ።

ዮሴፍም ከእናቱ ጋር ቆመ። "ለምን ትገፊያታለሽ? ቤቴ ውስጥ ድራግ ማየት አልፈልግም" አለኝ። ጠርሙሱን እንደታሸገ ወስጄ የልብስ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። የእሱ ቁጣ ትንሽ ገርሞኝ ነበር፤ ዮሴፍ እንዲህ በቀላሉ የሚቆጣ ሰው አልነበረም። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ጠዋት ሻዩን እስኪጠጣ ድረስ የሚያናግረው ሰው አይፈልግም ነበር። የሥራው ድካም ነው አልኩ።

እማማ የሚያምኑት መድኃኒት ሽፈራው ነው። ሽፈራውን የማታውቁ ካላችሁ፣ ቅጠሉ ደርቆ እየተፈጨ በፍል ውሃ የሚጠጣ፣ ለግፊቱም ለስኳሩም ለሁሉም ይሆናል የሚባልለት ዛፍ ነው። አርባ ምንጭ ያለችው ልጃቸው በመንገደኛ እየላከች ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም። በዚያ ሳምንትም አዲስ ጥቅል ደርሶን፣ ከምድጃው በላይ ባለው ቁም ሳጥን አስቀምጬላቸው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ዮሴፍ በጊዜ ሥራ ገባ። እማማ ክኒናቸውን ውጠው፣ ክራንቻቸውን ይዘው ወደ ወጥ ቤት ሄዱ። እኔ የልብስ ቅርጫት ታቅፌ ወደ ምድር ቤቱ ላውንደሪ ልወርድ በሩ ላይ ስደርስ ጠሩኝ።

"ትዕግሥት፣ ሽፈራዬን የት አደረግሽው?"

"ከምድጃው በላይ ነው እማማ" ብዬ ጮኼ መለስኩና ወረድኩ።

ልብሱን ማሽን ውስጥ ከተትኩ። እንደ ሌሎቹ ሰዎች ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ስልክ እየነካኩ መጠበቅ ይቻል ነበር። ሞከርኩም። አልሆነልኝም። ሳሙናው በቅቶት ይሆን፣ በሩን ቆልፌው ይሆን እያልኩ ስቁነጠነጥ ቆየሁና ማሽኑ ገና እየተሽከረከረ ትቼው ወደ ላይ ወጣሁ።

እማማ ሶፋው ላይ ናቸው። አንገታቸው ወደ ደረታቸው ወድቋል። መጀመሪያ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎኝ ድምፄን አጥፍቼ አለፍኩ። ከዚያ ግን አንድ ድምፅ ሰማሁ። እማማ አያንኮራፉም። የሰማሁት ማንኮራፋትም አልነበረም፤ ከጉሮሮ የሚመጣ ልክ የሌለው ማጓራት ነበር፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና።

"እማማ።" ትከሻቸውን ያዝኩ። "እማማ፣ ይንቁ እንጂ።"

አይነቁም። ከንፈራቸው ገርጥቶ ወደ ጥቁረት እያደላ ነው። አምቡላንስ እንዴት እንደጠራሁ፣ ምን ብዬ እንዳስረዳሁ በትክክል ትዝ አይለኝም። የማስታውሰው በስልክ የምታናግረኝ ሴት "ትንፋሻቸውን ቁጠሪልኝ" ስትለኝ፣ በሁለቱ ትንፋሾች መካከል ያለው ጊዜ እንዴት እንደረዘመብኝ ነው። ከሶፋው አጠገብ ተንበርክኬ ደረታቸውን እያየሁ ቆጠርኩ።

የአምቡላንሱ ሠራተኞች ገቡ። አንዱ የእማማን ዓይን ገልጦ በባትሪ አየና ለጓደኛው አሳየው። ብሌናቸው የመርፌ ቀዳዳ አክሎ ነበር። "ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?" አለኝ። የክኒኑን ብልቃጥ ሰጠሁት። ወዲያው በአፍንጫቸው የሆነ ነገር ነፉላቸው። ትንሽ ቆይተው እማማ ዓይናቸውን ገለጡ፣ አስመለሳቸው፣ ከዚያም የከበቧቸውን ሰዎች እየቃኙ "ለምን ነው የቀሰቀሳችሁኝ?" አሉ። አለቀስኩም፣ ሳቅሁም። ያለፈ መስሎኝ ነበር።

አላለፈም። ሆስፒታል ገብተን ብዙም ሳንቆይ እማማ እንደገና መስመጥ ጀመሩ። ዶክተሯ፣ ፀጉሯን አጥብቃ ያሰረች ፈጠን ያለች ሴት ናት፣ ያንን በአፍንጫቸው የተነፋውን ማርከሻ ደገመችላቸውና ወደ እኔ ዞረች። "ይህ ማርከሻ ቶሎ ያልቃል። በሰውነታቸው ውስጥ ያለው ነገር ግን ገና አላለቀም። ምን እንደወሰዱ ካላወቅን እስከ መቼ እንደሚቆይ አናውቅም። ስንት ክኒን ነው የሰጠሻቸው?"

"አንድ።"

ነርሷ የብልቃጡን ክኒን ዘርግፋ ቆጠረች። መጉደል ከሚገባው በላይ አንድም አልጎደለም። ዶክተሯ ቅንድቧን አጠበቀች። "በዚህ ዓይነት አንድ ክኒን ብቻውን እንዲህ አያደርጋቸውም። ከዚህ በፊትም ሲወስዱት ቆይተዋል" አለች።

በዚህ መሀል ዮሴፍ የሥራ ጫማውን እንዳደረገ እየሮጠ ገባ። እናቱን አየ፣ ኦክስጅኑን አየ፣ ከዚያ እኔን። የመጀመሪያ ቃሉ "ያንን ሀሺሽ ሰጠሻት?" የሚል ነበር።

"አልሰጠኋቸውም።"

"ትዕግሥት፣ እውነቱን ንገሪኝ።"

"አልከፈትኩትም ዮሴፍ። መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ሄደህ እየው።"

አላመነኝም። ወደ ዶክተሯ ዞሮ "ሚስቴ ቤት ውስጥ ሲቢዲ አስገብታ ነበር" አላት በእንግሊዝኛ፣ እንደ ከሳሽ። ፊቴ ጋለ። ዶክተሯ ግን ራሷን ነቀነቀች። ሲቢዲ ድካም ሊያመጣ፣ አንዳንድ መድኃኒትም ሊያጠነክር እንደሚችል፣ ይህን የመሰለ ብሌንና ትንፋሽ ግን ከእሱ እንደማትጠብቅ ተናገረች። ከዚያ ሁለታችንንም ተራ በተራ እያየች ጠየቀች። "ሌላ ድራግ ቤታችሁ ውስጥ አለ?"

"የለም" አለ ዮሴፍ ቶሎ ብሎ።

"የለም" አልኩ እኔም። የማውቀውን ነው የተናገርኩት።

እማማ ለአፍታ ነቃ ሲሉ ጆሯቸው ላይ ጎንበስ ብዬ ምን እንደቀመሱ ጠየቅኳቸው። "ሽፈራው... ሽፈራዬን ብቻ" አሉኝና ተመልሰው ሰመጡ። ተረጎምኩ። ዶክተሯ ሽፈራውን በእንግሊዝኛ ስሙ ታውቀው ኖሯል፤ እሱ ሰው እንደማያፈዝ ነገረችኝ። ጭንቅላታቸው ውስጥ የፈሰሰ ደም ካለ ብላ የራስ ምርመራ አዘዘች። ካልተሻላቸው ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል እንደሚወሰዱና ምናልባትም መተንፈሻ መሣሪያ እንደሚገባላቸው አስጠነቀቀችን።

ኮሪደሩ ላይ ዮሴፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ክኒኑን በስህተት ደርበሽ ሰጥተሻት ይሆናል" አለኝ።

"ተቆጠረ እኮ። ፊትህ ተቆጠረ።"

"አንቺ ረግተሽ አታውቂም። ስትቸኩዪ ምን እንደምትሠሪ እንኳ አታውቂው።"

ይህ ንግግር እስከ ዛሬ ያመኛል። ወደ እማማ ክፍል ተመልሼ መንጎራደድ ጀመርኩ። ከአልጋው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ አልጋው። ነርሷ ሁለት ጊዜ "እባክሽ ቁጭ በይ" አለችኝ። አንጎሌ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እማማ አይዋሹም። ሽፈራው ብቻ ነው ካሉ ሽፈራው ብቻ ነው። ታዲያ ሽፈራው ሰው ካላፈዘዘ፣ ጥቅሉ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? መንገድ ላይ ምን ተቀላቀለበት?

"ቤት ሄጄ ሽፈራውን ላምጣው" አልኩት ዮሴፍን።

"እናቴ በዚህ ሁኔታ ላይ ሆና ለሻይ ቅጠል ትሄጃለሽ?"

"እዚህ ቆሜስ ምን ላድርግ? ስትወቅሰኝ ልስማህ?"

የመኪናውን ቁልፍ ይዤ ወጣሁ። ሌሊት የወረደው በረዶ መንገዱን አጨቅይቶታል፤ ፊቴ ያለው መኪና ሁሉ የሚሳብ እንጂ የሚነዳ አይመስልም። መሪውን እየደበደብኩ ነበር የምነዳው።

ወጥ ቤት ገባሁ። የእማማ ኩባያ ምድጃው አጠገብ ነው፣ ሥሩ ላይ አረንጓዴ አተላ ቀርቶበታል። ከምድጃው በላይ ያለው ቁም ሳጥን ሁለት በር አለው። የግራውን ከፈትኩ። የሽፈራው ጥቅል እዚያው ነው። የልጃቸው ቋጠሮ፣ በላዩ ላይ ያዞረችው ፕላስተር፣ ሁሉም እንደመጣ። ማንም አልነካውም።

የቀኙን ከፈትኩ። ያ የዮሴፍ ወገን ነው፤ የጡንቻ ዱቄቱን፣ ቫይታሚኑን፣ የወንድ ኮተቱን የሚያስቀምጥበት ስለሆነ አልነካካውም። ከፊት ለፊት አንድ ባዶ የነበረ የቡና ጠርሙስ ቆሟል፤ በአረንጓዴ ዱቄት ተሞልቷል። ክዳኑ በደንብ አልተዘጋም። ዱቄቱ ከሽፈራው የሚለየው ነገር የለም። እኔም ብሆን እሳስት ነበር።

ጣቴን ነክሬ ቀመስኩ። ሽፈራው የጎመን ጎመን ይላል። ይህ ግን እንደ እሬት መረረኝ፤ ቧንቧው ላይ ጎንበስ ብዬ ተፋሁት። ከዚያ ዮሴፍ ጋ ደወልኩ።

"ጠርሙሱ ውስጥ ያለው አረንጓዴ ነገር ምንድን ነው?"

"የቱ ጠርሙስ?" አለኝ።

"ዮሴፍ፣ እማማ የጠጡት እሱን ነው። ምንድን ነው?"

"ቅጠል ነው።"

"የምን ቅጠል?"

"ለወገቤ የምጠጣው ነው። ሥራ ቦታ ልጆቹ አሳዩኝ። ከእስያ የሚመጣ ዛፍ ነው፣ ናቹራል ነው።"

"ስም የለውም?"

"ክራቶም ይሉታል።"

"ዶክተሯ ስትጠይቅህ ለምን አልተናገርክም?"

"ድራግ አለ ወይ ነው ያለችው። ይሄ ድራግ አይደለም ትዕግሥት፣ ቅጠል ነው እኮ።"

"ሂድና አሁኑኑ ንገራት።"

"ሥራ ቦታ ቢሰማስ..."

"እናትህ ናት!"

ስልኩ ተዘጋ። እሱ ይዝጋው፣ መስመሩ ይቋረጥ አላውቅም። መልሼ ደወልኩ፣ አያነሳም። ጠርሙሱን በቦርሳዬ ከተትኩ፤ መሳቢያዬንም ከፍቼ የሄምፑን ዘይት ጨመርኩ። ማኅተሙ እንዳልተነካ በዓይኑ ያየዋል አልኩ። በዚያ ጭንቅ ውስጥ ይህን ማሰቤ አሁን ያሳፍረኛል፣ ግን በጣም ቆስዬ ነበር።

ስመለስ መንገዱ የባሰ ተዘግቶ አገኘሁት። በየመብራቱ እደውላለሁ፣ አያነሳም። ቢነግራትስ? ባይነግራትስ? አምስት ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሰው በዚህ ሰዓት ምን እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር። ከበረዶው ይልቅ ያስፈራኝ እሱ ነው።

ድንገተኛ ክፍል ስገባ የእማማ አልጋ ባዶ ነው። አንሶላው ተነስቷል። አንድ የጽዳት ሠራተኛ ፍራሹን እየወለወለ ነበር። የያዝኩት ቦርሳ ከእጄ ወደቀ። ያቺ ቁጭ በይ ስትለኝ የነበረችው ነርስ ሮጣ መጥታ ትከሻዬን ያዘችኝ። "አሉ፣ አሉ፤ ወደ ላይ ወጥተው ነው" አለችኝ።

ላይኛው ፎቅ ስደርስ ማርከሻው በደም ሥራቸው ያለማቋረጥ እየገባላቸው ነበር። ዓይናቸው ተገልጧል። ዮሴፍ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ቆሟል። ዶክተሯ እንዳየችኝ "ባለቤትሽ ነግሮኛል። ለማወቃችን ጥሩ ሆነ" አለችኝ። ግድግዳውን ተደገፍኩ።

ሁለቱንም ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ዶክተሯ የሄምፑን ዘይት አነሳች። "ይህ ውስጡ ምን እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሆነ ላዩ ላይ ተጽፏል፤ ምርመራ አልፏል። ቢሆንም ሐኪም ሳይጠየቅ ከሌላ መድኃኒት ጋር አይወሰድም" አለች። የቡናውን ጠርሙስ ግን አልከፈተችውም። "ይሄኛውም ከተክል ነው። ግን አንጎል ውስጥ የሚገባው ክኒናቸው በሚገባበት በዚያው በር ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲገቡ ትንፋሽ ይደክማል። እዚህ አገር ለመጠጥ ተብሎ እንዲሸጥ የተፈቀደ አይደለም፤ ምን ያህል ኃይል እንዳለውም የሚያረጋግጥ የለም።"

ለእማማ ተረጎምኩላቸው። ምን ያህል እንደጠጡ ጠየቅኳቸው።

"አንድ ማንኪያ በጠበጥኩ" አሉ በደከመ ድምፅ። "መረረኝ። ዘንድሮ የላከችው ምን ዓይነት ፍቱን ሽፈራው ነው ብዬ ሌላ ማንኪያ ጨመርኩበት።"

ይህን ስተረጉም ዶክተሯ ግራ ገባት። የመረረ ነገር ይተፋል እንጂ እንዴት ይጨመራል? የእኛ ሰው መድኃኒትን በምሬቱ እንደሚለካ ላስረዳት ሞከርኩ፤ መግባቱን እንጃ። ከዚያ ዶክተሯ ወደ መስኮቱ ዞረች።

"አንተስ? በቀን ምን ያህል ነው የምትወስደው?"

ዮሴፍ አልዞረም። በእንግሊዝኛ፣ በጣም በቀስታ መለሰላት። ዶክተሯ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሲቀርበት ምን እንደሚሰማው ጠየቀችው። እግሩ አላስቀምጥ እንደሚለው፣ እንደሚያልበው፣ ለመተው ሞክሮ ሥራ ቦታ ሽንት ቤት ገብቶ እንዳስመለሰው ነገራት። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ያኔ ነው።

እማማ እጄን ጎተት አደረጉኝ። "ምን አላት?"

ለመዋሸት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ተውኩት። "እርስዎ ዛሬ ከጠጡት በላይ በየቀኑ ይጠጣል፤ ጠዋትም ማታም። መተው አቅቶታል" አልኳቸው።

ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ኦክስጅኑን ከአፍንጫቸው ገለል አድርገው ለዶክተሯ በአማርኛ ተናገሩ። "እኔስ ነቅቻለሁ። እሱን እዩልኝ። ተርጉሚላት።"

ተረጎምኩላት።

እማማ ከቀናት በኋላ በእግራቸው ቤት ገቡ። ዮሴፍ በዶክተሯ ትእዛዝ የሱስ ሕክምና ጀመረ። በአንድ ቀን የሚቆረጥ ነገር አይደለም። ተሽሎት ነበር፣ ተመለሰ፣ እንደገና ጀመረ። አሁን ደህና ነው፤ ነገን ግን አልምልላችሁም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ሲቢዲ ግዙ ያልኩ እንዳይመስላችሁ። ያንን ጠርሙስ እኛም አልከፈትነውም፤ የእማማ ሐኪም ባይወስዱት ይሻላል ስላለን ቀረ። የምላችሁ ሌላ ነው። በእኛ ቤት አንዱ ቅጠል "ሀሺሽ" የሚል ስም ስለነበረው ሁላችንም ሸሸነው፤ ስለ እሱ ጠየቅን፣ ተጣላንበት፣ ቆለፍንበት። ሌላው "ቅጠል" ብቻ ስለተባለ ማንም ምንም ሳይጠይቀው ከምድጃው በላይ ተቀመጠ። እኔ በበኩሌ ከዚያ ወዲህ "ናቹራል ነው" የሚለኝን ሰው "እባብም ናቹራል ነው" እለዋለሁ። አብሯችሁ የሚኖር ሰው በየጠዋቱ ምን እንደሚጠጣ ታውቃላችሁ? ስሙን ጠይቁት። ስሙን ሲነግራችሁም በዚያ እንዳታበቁ።

አንድ ነገር ግን ለብዙ ጊዜ አልወጣልኝም ነበር። ኮሪደሩ ላይ የተናገረኝ። ዮሴፍ ይቅርታ ጠይቆኛል፣ እኔም ይቅር ብያለሁ ብዬዋለሁ፤ ሆዴ ግን አልሻረም ነበር። ባለፈው ከሕክምናው ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ፣ ጠየቅኩት። ክኒኑ ተቆጥሮ፣ ሲቢዲው እንዳልሆነ በዶክተር አፍ ተነግሮህ፣ ለምንድን ነው በእኔ ላይ የጸናኸው አልኩት።

"እማዬ ሽፈራው ስትል ገብቶኝ ነበር" አለኝ። "አንቺ ካልሆንሽ እኔ መሆኔ ነዋ።"

መኪናውን ዳር አስያዝኩ። ሁለታችንም አለቀስን።